የረጠበው እህልና የተጋጨው ሞተር፦ ነውርን ተናግሮ የመሸጥ ታሪክ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ዛሬ የምናነሳው ያገለገለ ሞተር ስለ መሸጥ ነው። «ይህ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱን። ነገሩ ሞተር ከመሠራቱ በፊት፣ ግመልና ፈረስ በሚሸጥበት ገበያ የጀመረ ነው። ከ1400 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

አንድ ሞተር ይጋጫል። የፊት ሹካው ይጣመማል፣ ሻንሲው ይሰነጠቃል። ጋራዥ ገብቶ ሹካው ይቃናል፣ ሻንሲው ይበየዳል፣ ብየዳው ላይ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ታጥቦና ተወልውሎ ለገዢ ይቆማል። ገዢው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው። እቁብ ጠብቆ፣ ከዘመድ ተበድሮ፣ እናቱ ያስቀመጡትን ጨምሮ ነው የመጣው። በሞተሩ ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ቤት ሊያቆም ያስባል። የተበየደው ቦታ ቁልቁለት ላይ ቢለቅ ግን የሚወድቀው እሱ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው የተፈናጠጠው ሰውም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ሺህ ብር ልዩነት ብቻ አይደለም። የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከሶላት በኋላ መስጂድ በረንዳ ላይ ሽያጭን በተመለከተ ጥያቄ ሲነሳ ሦስት መልሶችን ደጋግመን እንሰማለን። አንደኛው «ካልጠየቀኝ ለምን እነግረዋለሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ተጠግኗል እኮ፣ አሁን ምንም የለበትም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «እንዳለ ነው የሸጥኩት፣ አይቶ ነው የገዛው» ነው። ሦስቱም አዲስ አይደሉም። ከእኛ በፊት ያለፉ ሰዎችም ብለዋቸዋል፤ መልስም አግኝተዋል። መልሶቹን በየዘመናቸው እንያቸው።

1. ማንም ያልጠየቀበት ክምር

አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ያስተላለፉትና ኢማም ሙስሊም በሶሒሓቸው የዘገቡት ታሪክ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ጣቶቻቸውን እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ጠየቁት፤ ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰዎች እንዲያዩት እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። የሚያታልል ሰውም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ።

ይህን ሐዲስ ብዙዎቻችን በልጅነታችን ሰምተነዋል። ግን ሁለት ነገሮችን ቆም ብለን እንይ። የመጀመሪያው፣ ዝናቡን ያዘነበው ሰውዬው አይደለም። እህሉ መርጠቡ ጥፋቱ አልነበረም፤ እንዲያውም ኪሳራ የደረሰበት እሱ ነው። እርጥቡን እንዳይሸጥም አልተነገረውም። የተጠየቀው እርጥቡን ከታች ስላደረገው ነው። ሞተርም እንዲሁ ነው። መጋጨት ቀደር ነው፣ ማንም ላይ ይደርሳል። የተጋጨ ሞተር መሸጥም ሐላል ነው። ጥያቄው የግጭቱ ወሬ ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚለው ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ በዚህ ዘገባ ውስጥ ገዢ የለም። መጥቶ «ረጥቧል ወይ?» ብሎ የጠየቀና የተዋሸ ሰው አልተጠቀሰም። ክምሩ ገና ተዘርግቶ ቆሟል። ነጋዴው አንዲት ቃል ሐሰት ሳይናገር ነው ጥፋተኛ የሆነው። እንግዲህ «ካልጠየቀኝ» የሚለው መልስ እዚሁ ላይ ያበቃል። የመናገሩ ግዴታ የመጣው ከገዢው ጥያቄ አይደለም፤ ሻጩ ከሚያውቀው ነገር ነው።

2. ጡቷ የታሰረች ግመል

በዚያው ዘመን ሌላ ዘዴም ነበር። ሻጩ ግመሏን ወይም በጓን ለሽያጭ ከማውጣቱ በፊት ቀናት ሳያልባት ያቆያታል። ጡቷ በወተት ይወጠራል። ገዢው ሲያያት በየቀኑ ይህን ያህል የምትሰጥ ይመስለዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ከለከሉ። እንዲህ ያለችውን እንስሳ የገዛ ሰው ካለባት በኋላ ምርጫው የእሱ እንዲሆን አደረጉ። ከወደዳት ያስቀራታል፤ ካልወደዳት ከአንድ ቁና (ሷዕ) ተምር ጋር ይመልሳታል። በአንዳንዱ ዘገባ ለዚህ ሦስት ቀን ተሰጥቶታል።

የዚህን ፍርድ ሚዛን ተመልከቱ። ሻጩ በአፉ አልዋሸም፤ የዋሸው የተወጠረው ጡት ነው። ሸሪዓው ግን ድርጊቱን እንደ ንግግር ቆጥሮታል። በሌላ በኩል ገዢውም የጠጣውን ወተት በነጻ አይወስድም፤ ተምሩ የዚያ ምትክ ነው። ፍትሕ ለሁለቱም ወገን ነው።

ሞተርን አጥቦና ወልውሎ ማቅረብ ችግር የለበትም፤ ማንኛውም ነጋዴ ዕቃውን ያሳምራል። ስንጥቅ ላይ የሚቀባ ቀለምና ብየዳን ለመሸፈን የሚገጠም አዲስ ፕላስቲክ ግን ሌላ ነው። ያ የታሰረው ጡት ነው። የመጀመሪያው ያለውን ውበት ያሳያል፤ ሁለተኛው ያለውን ነውር ይደብቃል።

3. ኮቴዋ የተበሳው ግመል

ኢማም አሕመድ በሙስነዳቸው የዘገቡት ሌላ ታሪክ ደግሞ ወደ ጉዳያችን ይበልጥ ያቀርበናል። የሐዲስ ሊቃውንት በዘገባው ሰንሰለት ላይ ተነጋግረዋል፤ የፊቅህ ሰዎች ግን በሽያጭ ምዕራፍ ደጋግመው ያነሱታል። አንድ ሰው ከሶሓባው ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ) ግቢ ግመል ገዝቶ ይወጣል። ዋሲላ ልብሳቸውን እየጎተቱ ተከትለው ይደርሱበታል። ስለ ግመሏ ያለው ነገር ተነግሮት እንደሆነ ጠየቁት። ሰውዬው ምን አላት፣ ወፍራምና ጤነኛ ናት አለ። ዋሲላም ለጉዞ ነው ወይስ ለሥጋ የምትፈልጋት ብለው ጠየቁት። ሐጅ ሊሄድባት እንደሆነ ነገራቸው። ያን ጊዜ ኮቴዋ ቀዳዳ እንዳለበት አሳወቁት። ባለቤቷ ሽያጬን አበላሸህብኝ ብሎ ተቆጣ። ዋሲላ ግን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሩት፦ ሻጭ ነውሩን ሳይገልጽ መሸጥ አይፈቀድለትም፤ ነውሩን የሚያውቅ ሌላ ሰውም ዝም ማለት አይፈቀድለትም።

ለጉዞ ወይስ ለሥጋ? ይህ ጥያቄ ዛሬም ይሠራል። ኮቴዋ የተበሳ ግመል ለሥጋ ምንም አልጎደላትም፤ መካ ድረስ ለሚጋልብባት ግን ሞቱ ልትሆን ትችላለች። ሻንሲው የተሰነጠቀ ሞተርም መለዋወጫውን ፈትቶ ለሚሸጥ ሰው ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ለሚወጣበት ልጅ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። «ተጠግኗል እኮ» ከማለት በፊት ገዢው ለምን እንደሚፈልገው መጠየቅ አለበት ማለት ነው።

ደግሞም ዋሲላ በዚህ ታሪክ ውስጥ ሻጭ አልነበሩም፤ የሚያውቁ ጎረቤት እንጂ። ይህ ለመካኒኩ፣ ለደላላው፣ አደጋውን በዓይኑ ላየው የሰፈር ሰው ሁሉ የተነገረ ነው። «የሰው እንጀራ አልዘጋም» ብለን ዝም የምንልበት ጊዜ አለ። ዋሲላ ግን የሚያስቡት ስለ ሽያጩ ብቻ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ስለሚቀረው ሰውም ነበር።

4. ስምንት መቶ ዲርሃምና አንድ መሐላ

አሁን ወደ ሦስተኛው መልስ እንምጣ፦ «እንዳለ ነው የሸጥኩት።» ኢማም ማሊክ በሙወጦእ ያስቀመጡት ታሪክ ለዚህ ይጠቅማል። ዘመኑ የዑስማን ኢብኑ ዐፍፋን (ረ.ዐ) ኺላፋ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ባሪያ በ800 ዲርሃም ሸጡ። በዚያ ዘመን ሰው በገበያ ይሸጥ እንደነበር አንደብቅም፤ የታሪኩ እውነታ ነው። ሽያጩ «በራኣ» በሚባለው ውል ነበር፤ ሻጩ ከማንኛውም ነውር ነጻ ነኝ የሚልበት፣ በእኛ አነጋገር «እንዳለ» ማለት ነው። ገዢው በኋላ ያልተነገረኝ በሽታ አለበት ብሎ መጣ። ኢብኑ ዑመር በበራኣ እንደሸጡ አስረዱ። ጉዳዩ ዑስማን ዘንድ ደረሰ።

ዑስማን ውሉን ብቻ አይተው ገዢውን አላሰናበቱትም። ኢብኑ ዑመር ሲሸጡ በሽታውን እንደማያውቁ እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብኑ ዑመር መማል አልወደዱም፤ ባሪያውን መልሰው ወሰዱ። እሱም እርሳቸው ዘንድ ሆኖ ዳነ፣ በኋላም በ1500 ዲርሃም ተሸጠ። ያልማሉት ያውቁ ስለነበር ነው ማለት አይደለም፤ ለመሐላ ከሚጠነቀቁ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ለእኛ ዋናው ነገር ኸሊፋው የጠየቁት ጥያቄ ነው። ምን ብለህ ተዋዋልክ ብቻ ሳይሆን ምን ታውቅ ነበር የሚለው ነው።

ከዚህ በኋላ መዝሀቦች በበራኣ ውል ላይ ተለያዩ። ሐነፊዮች ውሉን ሰፋ አድርገው ተቀበሉት። በሻፊዒዮች ዘንድ ግን ጠባብ ነው። በሀገራችን መድረሳዎች የሚቀራው የኢማም ነወዊ «ሚንሃጅ» እንደሚያስቀምጠው፣ ውሉ ሻጩን የሚያድነው በእንስሳ ላይ ላለ፣ ውስጣዊ ለሆነና እሱ ራሱ ለማያውቀው ነውር ብቻ ነው። እንስሳ ብቻ የተለየበትን ምክንያት ሊቃውንት ሲያስረዱ፣ ሕይወት ያለው ነገር ሳይታወቅ ይታመማል ይላሉ። ብረት ግን በራሱ አይታመምም፤ ሰው ሲያጋጨው ነው የሚጣመም። ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ላይ ሁሉም ይስማማሉ፦ የሚያውቁትን ነውር ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው። ዳኛ ፊት የሚያድን ወረቀት አላህ ፊት አያድንም።

5. የኩፋው ጨርቅ ነጋዴ

ኢማም አቡ ሐኒፋ (80–150 ዓ.ሂ) ኩፋ ከተማ ውስጥ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። የንግድ ሸሪካቸው ሐፍስ ኢብኑ ዐብዱረሕማን ይባላል። አንድ ጊዜ ዕቃ ሲልኩለት አንዱ ልብስ ነውር እንዳለበት ነግረው፣ ሲሸጥ እንዲገልጽ አሳሰቡት። ሐፍስ ረሳ፤ ሳይናገር ሸጠው። ገዢው ማን እንደሆነም አልታወቀም። አቡ ሐኒፋ ይህን ሲያውቁ የዚያን ዕቃ ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሰደቃ ሰጡ።

ነውሩ ልብስ ላይ ነበር፤ ልብስ ቢቀደድ ማንም አይሞትም። እሳቸው ግን ገንዘቡ ቤታቸው እንዲያድር አልፈለጉም። ፍሬን ወይም ሹካ ላይ ያለን ነውር ስንደብቅ ከዚህ ጋር እናመዛዝነው።

6. ደላላው ስሙን ይጽፋል

በኋለኞቹ ዘመናት ይህ የግለሰብ ጥንቃቄ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የገበያ ሥርዓት ሆነ። ሙሕተሲብ የሚባል የገበያ ተቆጣጣሪ ሚዛን፣ ስፍርና የሙያ ሥነ ምግባር ያይ ነበር። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሶሪያ ውስጥ አል ሸይዘሪ ለሙሕተሲቦች መመሪያ ጽፈዋል። ለየሙያው ምዕራፍ አለው። የእንስሳት ደላላ የሚሸጠውን ሰው ሳያውቅ ወይም የሚያውቀው ሰው ሳያመጣ እንዳይሸጥ ይላል። የሻጩን ስም በመዝገቡ መጻፍ አለበት፤ እንስሳው ነውር ያለበት ወይም የተሰረቀ እንዳይሆን ነው። በይጣር የሚባለው የእንስሳት ሐኪምም የእንስሳትን ነውር ማወቅ እንዳለበት ያስቀምጣል። ሰዎች በእንስሳ ነውር ሲጣሉ ወደ እሱ ይመጣሉና።

ዛሬ የደላላው መዝገብ ቦታ ሊብሬው ነው፣ የበይጣሩ ቦታ መካኒኩ ነው። ሊብሬ የባለቤቱን ስም ይነግረናል እንጂ ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አይነግረንም። ያ የሚቀረው በመካኒኩና በሻጩ አማና ላይ ነው።

7. ከመጀለ እስከ ሀገራችን ሕግ

ኦቶማኖች እ.ኤ.አ ከ1869 እስከ 1876 በአሕመድ ጀውደት ፓሻ መሪነት «መጀለ» የተባለውን የፍትሐ ብሔር ሕግ አዘጋጁ። የመጀመሪያው መጽሐፉ የሽያጭ ነው። አንቀጽ 338 ነውር ምን እንደሆነ ሲተረጉም፣ በነጋዴዎችና በሙያው አዋቂዎች ዘንድ የዕቃውን ዋጋ የሚቀንስ ጉድለት ነው ይላል። ይህ ትርጉም «ተጠግኗል እኮ» ለሚለው መልስ መፈተኛ ይሆናል። ራሳችንን እንጠይቅ፦ ገበያ ላይ ሁለት ተመሳሳይ ሞተሮች ቢቆሙና አንዱ ተጋጭቶ የተበየደ መሆኑ ቢታወቅ በእኩል ዋጋ ይሸጣሉ? ካልተሸጡ፣ ግጭቱ ከጥገናው በኋላም ነውር ነው። ሻጩ የደበቀውም ዋጋው እንደሚቀንስ ስላወቀ ነው፤ መደበቁ ራሱ ይመሰክርበታል።

የእኛም ሀገር ሰው ይህን ያውቃል። በሞተር ቦታ በቅሎ በነበረችበት ዘመን ገዢ ጥርሷን ያያል፣ ያስኬዳታል፣ ኮርቻዋን አስወርዶ ጀርባዋን ይዳስሳል። ከኮርቻ ሥር ቁስል እንደማይጠፋ ያውቃል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች ይባላል። «ሞተሩ እንዴት ነው?» ሲባል «ጎማው አዲስ ነው» ብሎ የሚመልስ ሻጭ የበቅሎዋን መልስ ነው የሰጠው። ውሸት አልተናገረም፤ የተጠየቀውንም አልመለሰም።

በሀገራችን የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚያዩት ጋብቻ፣ ውርስ፣ ወቅፍና የመሳሰሉትን ነው። የሽያጭ ክርክር የሚዳኘው በ1952 ዓ.ም በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። መነሻው የተለያየ ቢሆንም እዚህ ነጥብ ላይ ከፊቅሁ ጋር ይቀራረባል። ሻጭ ዕቃው ከጉድለት ነጻ ስለመሆኑ ዋስ ነው። በውል ይህን ዋስትና መቀነስ ወይም ማስቀረት ይቻላል፤ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ ግን እንዲህ ያለው ውል ዋጋ የለውም። ዑስማን (ረ.ዐ) ያነሱት ጥያቄ እዚህም አለ፦ ታውቅ ነበር ወይ?

8. የገዢውም ድርሻ አለ

ፍትሕ የሁለት ወገን ነው ብለናል። ገዢም የራሱ ግዴታ አለበት። በሻፊዒይ ፊቅህ ነውር ያገኘ ሰው ሳይዘገይ መመለስ አለበት፤ ካወቀ በኋላ መጠቀሙን ከቀጠለ የመመለስ መብቱ ይወድቃል። እንስሳዋን አውቆ ሲጋልባት ከሰነበተ ወዷታል ማለት ነው፤ አልነዳ አልሳብ የምትል እምቢተኛ ከሆነች ብቻ ወደ ሻጩ ሲወስዳት ቢጋልባት ይቅርታ አለው። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ጉድለት ያገኘ ገዢ ቶሎ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይፈልጋል። ስለዚህ የሹካውን መጣመም አይቶ ሦስት ወር ሲሠራበት ቆይቶ «መልስልኝ» ማለት አያስኬድም። ተነግሮትና አይቶ በዋጋ ቀንሶ የገዛም በኋላ ሻጩን ማሳጣት የለበትም። እንዲያ ካደረግን ሐቀኛውን ሻጭ ነገ ዝም እንዲል እናስተምረዋለን።

በተግባርስ ምን እናድርግ? ሻጭ ከዋጋው በፊት ይናገር፦ መቼ እንደተጋጨ፣ የት እንደተመታ፣ ምን እንደተቀየረና ምን እንደተበየደ። «ትንሽ ተነካክቷል» ብሎ ማድበስበስ መናገር አይደለም። የተበየደውን ቦታ በጣቱ ያሳየው። ገዢው የራሱን መካኒክ ይዞ ይምጣ፤ መካኒኩም እንደ ዋሲላ ይሁን። የተነገረው ነገር ውሉ ላይ ይጻፍ። ይህ ገዢውን ብቻ ሳይሆን ሻጩንም ይጠብቃል፤ ነገ «አልነገረኝም» የሚለው ሰው የለም።

እርግጥ ነው፣ የተናገረ ሰው ዋጋው ይቀንስበታል። ይህን አንክድም። ሞተሩ የተጋጨበት ሰው ራሱ የተቸገረ ሊሆን ይችላል፤ የሕክምና ዕዳም ይኖርበት ይሆናል። ግን የቀነሰው ገንዘብ ድሮም የእሱ አልነበረም፤ ሞተሩ ሲጋጭ አብሮ የወደቀ ዋጋ ነው። ደብቆ ሲሸጥ ኪሳራውን አላጠፋውም፤ ሳያስፈቅድ ሌላ ሰው ትከሻ ላይ አዞረው። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ሻጭና ገዢ እውነት ከተናገሩና ከገለጹ በሽያጫቸው በረካ እንደሚደረግላቸው፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን የሽያጫቸው በረካ እንደሚጠፋ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። በረካ የሌለው አሥር ሺህ ብር የት እንደገባ ሳናውቅ ሲያልቅ ስንቶቻችን አይተናል?

ሞተር ወይም መኪና ለመሸጥ ያሰባችሁ ወንድሞች፣ እርጥቡን ከላይ አድርጉት። የሚወስደው በዐይኑ አይቶ ይውሰድ፤ የሚተወውም ዱዓ አድርጎላችሁ ይሂድ።

አላህ በሐላሉ የምንብቃቃ፣ ለወንድማችን ለራሳችን የምንወደውን የምንወድ ያድርገን። መንገድ ላይ ያሉ ወንድሞቻችንን ሁሉ ከአደጋ ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።